በጊፋታ ዋዜማ የተመለሱ ብረቶች

የዓመለወርቅ ባል ጀርባውን ለሰው፣ ፊቱን ለግድግዳ ከሰጠ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነበር።

ብሩ ከመደቡ የሚነሳው ለግድ ነገር ብቻ ነው። እህል ሲቀርብለት አንድ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ገበታውን ወደ እሷ ይገፋዋል። ጠያቂ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። የተሰበረ እግሩን ወጌሻው ጠግኖለታል፤ አጠር ብሎ ቀረ እንጂ በምርኩዝ ይረግጥበታል። ጎረቤቶቹ "እግሩማ ድኗል" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይጨርሱትም። ዓመለወርቅ ግን በሆዷ ትጨርሰዋለች። ሰውየው አልዳነም። በቁሙ እየራቃት ነው።

እሷ ደግሞ ከእሱ ሌላ ሰው የላትም። አባቷ ከሰሜን ከመጣው ጦር ጋር ዘምቶ ሶዶ የቀረ ወታደር ነበር። እሱም እናቷም አልፈዋል፤ የወለደቻቸው ልጆችም በጨቅላነታቸው ቀርተዋል። ፊደል ቆጥራ ንባብ እንደ ጀመረች ነው ለብሩ የዳሯት። ከዚያ ወዲህ የምታውቀው ኑሮ ብሩ የሚገባበትና የሚወጣበት ቤት ነው። አሁን ያ ቤት ማንም የማይገባበት፣ ማንም የማይወጣበት ሆኖ እሷ ብቻዋን ትጠርገዋለች።

ይህ የሆነው ጣሊያን ሊመጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በዚያን ዘመን ሶዶ ላይ የመኪና ድምፅ ከተሰማ ልጅ አዋቂው ደጅ ይወጣል። የሚመጡትም ጥቂት የጭነት መኪኖች ናቸው፤ እነሱም በበጋ ብቻ። ሙሴ ያኒ የሚባለው ግሪካዊ የቆዳ ነጋዴ ግን ሌላ ዓይነት መኪና አመጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ ቀይ መኪና ናት። "ወጣት ሳለሁ ባገሬ እሽቅድምድም ላይ በዚች ቀድሜአለሁ" እያለ ይኩራራባት ነበር። የብላቴን ወንዝ የተሻገረችው በበሬ ተጎትታ ስለነበር፣ ቀድማለች በተባለ ቁጥር የከተማው ሰው "ማንን? በሬዎቹን?" እያለ ይስቃል።

ብሩ የሙሴ ያኒ ሾፌር ነበር። ነጋዴው ቆላ ወርዶ ወባ ያዘውና ሊሞት ሲል፣ ሰው ባለበት፣ "ቀይዋ የብሩ ናት" ብሎ ተናዘዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብሩ መሬት የሚረግጥ አይመስልም ነበር። ገበያ ሲወርድ በእሷ፣ ቤተክርስቲያን ሲሄድ በእሷ። ነዳጅ ሲያጣ እንኳ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልቁለቱን ይለቃታል፤ ለመመለሻው በሬ ይለምናል። ዓመለወርቅ ጥርሷን ነክሳ ትቆጣዋለች፣ ሲመለስ ግን ደጅ ቆማ ትጠብቀዋለች።

ቁልቁለቱ አንድ ቀን ጨከነበት። ወደ ተበላ ገበያ ሲወርድ ዝናብ ያራሰው መንገድ ከዳውና መኪናዋ ከመንገዱ ወጥታ ገደል ውስጥ ተገለበጠች። የአካባቢው ገበሬዎች ከሥሯ ጎትተው አወጡት። እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ሠርተው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው፣ ያን ሁሉ ዳገት አውጥተው ሶዶ አደረሱት። መኪናዋ እዚያው ከረመች። በበጋ በደቦ በሬ ተጠምዶ ስትመጣ ግን ሌላ ሆና መጣች። መሪ የላትም፤ ጥሩምባ የላትም፤ ከሆዷም ከጀርባዋም የጎደለ ብዙ ነው። ብሩ በበሩ ቀዳዳ አንድ ጊዜ አያት፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። ዓመለወርቅ መኪናዋን በኮባ ቅጠል ሸፍና ከጓሮ አስቀመጠቻት።

አንድ ቀን ጠዋት ነሐሴ ሲጋመስ ዶሮዋ ከቤት ጠፋች። ብትፈልጋት ብትፈልጋት አጣቻት፤ በመጨረሻ ከኮባው ሥር መኪናዋ ውስጥ ገብታ አገኘቻት። እንቁላል ጥላለች። ዓመለወርቅ እንቁላሉን ይዛ ገባች።

"ብሩ፣ ይሄውልህ፣ ዶሮዋ መኪናህ ውስጥ ጣለች።"

መልስ አልጠበቀችም። ይሁንና ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

"ከየትኛው ወንበር?"

"ከሾፌሩ።"

"እንግዲያ እሷው ትንዳት። መሪ የሌላት፣ ካንዴላ የሌላት መኪና ዶሮ ይበቃታል።"

ምሬት ነበር። ዓመለወርቅ ግን እንቁላሉን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። ይህን ያህል ቃል ከአፉ የሰማችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም። ድምፁ እንዳያመልጣት ፈጥና ጠየቀች።

"ሌላስ ምን ጎደላት?"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ላውቀው ነዋ።"

እሱ ወደ ግድግዳው፣ እሷ ወደ ጀርባው እንደዞሩ ነገራት። መሪው፤ ለሞተሩ እሳት የሚጭሩት አራቱ ካንዴላዎች፤ የሞተሩ ውሃ ክዳን፤ ጥሩምባው፤ ከኋላ በግራ በኩል ክብደቷን የሚሸከመው ባሌስትራ የሚባል ደጋን ብረት። ዓመለወርቅ ለያንዳንዱ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች። ነጠላው በቋጠሮ ሲሞላ ብሩ ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ። እሷ ግን ተስፋ አገኘች። ይህ ሰው የሚናገረው ስለዚህ ብረት ብቻ ከሆነ፣ ብረቱን ለቃቅማ ፊቱ ታስቀምጥለታለች።

መንገዱን ግን አበላሽታ ጀመረችው። ወደ ከተማው ሹም ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሹሙ ነገሩን ሰምቶ፣ "አውጫጭኝ ይጠራል! አገሬው ተሰብስቦ ይውላል፤ ሌባውን ካላወጣ ይቀጣል" አለና ዘበኛ ሰጣት። ዘበኛው በተበላ ገበያ መሃል ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ "የብሩን መኪና ብረት የሰረቅህ አምጣ! አውጫጭኝ ሳይጠራብህ አምጣ!" እያለ ሲጮህ፣ ዓመለወርቅ ከጎኑ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ቅቤ ሻጮቹ ቅላቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። በወላይትኛ ሲያወሩ የነበሩት ወሬያቸውን አቋረጡ። አንድም ሰው ዓይኗን አላየም።

በገበያው ዳር ቀጥቃጩ ቶማ መቆፈሪያዎችና ማጭዶች ዘርግቶ ተቀምጧል። ዓመለወርቅ አንዱን መቆፈሪያ አነሳች። ወፍራም ነው፤ ጎበጥ ያለ ነው፤ የአገሩን ብረት አይመስልም።

"ይቺ ከየት መጣች?" አለችው።

"ከእሳት" አለ ቶማ ሳይነሳ።

"ከእሳት በፊትስ?"

"እመቤቴ፣ ብረት እኛ ዘንድ ሲመጣ ስሙን አይናገርም።"

ዙሪያው ሳቀ። ዓመለወርቅ መቆፈሪያውን መልሳ አስቀመጠች። ቋጠሮዎቿን እንደ ቋጠረች፣ ባዶ እጇን ዳገቱን ወጣች።

ማታውን ጎረቤቷ ቦሼ መጣች። ቦሼ ወላይታ ናት፤ የተወለደችው ተበላ አጠገብ ነው፤ ሶዶ ተድራ ቅቤና ቆጮ ትነግዳለች። ከዓመለወርቅ ጋር እሳት ሲጠፋባቸው ፍም የሚበዳደሩ ናቸው። እንደ ወትሮዋ "ሚቼ፣ እህቴ" ብላ አልገባችም። ደጃፉ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ዛሬ ያገሬን ሰው ሌባ አልሽው አሉ።"

"እኔ አላልኩም። ዘበኛው ነው።"

"ዘበኛውን ማን ወሰደው? ዶሮዋ?"

ዓመለወርቅ አጎንብሳ ምድጃውን ቆሰቆሰች።

"እስቲ ልጠይቅሽ" አለች ቦሼ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ብሩ መደብ እያየች። "ባልሽን ማን ተሸክሞ አመጣው?"

"የተበላ ሰዎች።"

"ስማቸው ማን ይባላል?"

ዓመለወርቅ ስማቸውን አታውቅም። የዚያን ዕለት የምታስታውሰው ጭቃና ጩኸት ነው። የተሸካሚዎቹን ፊት አላየችም።

"ትከሻቸው ተልጦ ሲመለሱ ውሃ የጠጡት እኔ ቤት ነው። አንቺ ያን ቀን እያለቀስሽ ነበር፤ ማንም አልፈረደብሽም። ቤተሰቦቹ ይመጣሉ አሉ። ሰውየው ሲሻለው ይመጣሉ፣ እዩት ይሉናል አሉ። ክረምት ወጣ፣ በጋ ወጣ። ዛሬ የሄድሽላቸው ከዘበኛ ጋር ነው።"

ዓመለወርቅ ከእሳቱ ዳር ተቀመጠች። ደክሟታል። የደከማት ከዳገቱ ብቻ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የምትጠርገው ቤት ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አይኖርም ነበር። ብረቱን ወስደዋል ብላ ስትብሰለሰል፣ ሰውየውን ማምጣታቸውን አንድም ቀን ጮክ ብላ አልተናገረችውም።

"ምን ላድርግ ታዲያ ቦሼ?"

"ጊፋታ እየደረሰ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ቂም ይዞ፣ የሰው ዕቃ ይዞ አዲሱን ዓመት አይሻገርም። የተጣላ ይታረቃል፣ የያዘ ይመልሳል። አንቺ ግን እንዳትጠይቂ። አመስግነሽ ብቻ ተመለሺ። ብረት የሚል ቃል ከአፍሽ ከወጣ ጥዬሽ ነው የምመለሰው።"

"አይወጣም።"

"ያን ነጠላሽንም ፍቺው። በቋጠሮ ተሞልተሽ ማን ያምንሻል?"

በማግስቱ ዓመለወርቅ ሹሙ ዘንድ ሄዳ አውጫጭኙን ትቼዋለሁ አለች። ሹሙ ተቆጣ፤ "የሴት ነገር!" አለ። እሷም እሺ ብላ ወጣች። ጨውና ቡና በአገልግል ይዛ ከቦሼ ጋር ቁልቁል ወረደች።

የተሸካሚዎቹ አለቃ ዳልጮ የሚባል ጎልማሳነቱን የጨረሰ ገበሬ ነበር። ከበቆሎ ማሳው ጫፍ ላይ አገኙት። ሲያያት ፊቱ ተዘጋ። ዓመለወርቅ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ግን ደንግጦ በሁለት እጁ ያዛት።

"ተይ! ተይ! ምን ሆንሽ?"

"አያ ዳልጮ፣ ባሌን አምጥተህልኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልመጣ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።"

ዳልጮ ወደ ቦሼ አየ። ቦሼ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

"ሰውየው በሕይወት አለ?" አለ በመጨረሻ።

"አለ። ይተነፍሳል።"

"ያንቺው ባል ይከብዳል" አለ ዳልጮ። ፊቱ ትንሽ ተከፈተ። "ስንሸከመው አንድ አፍታ ዝም አላለም። ሌላ ሰው ሲሰበር እናቱን ይጠራል። እሱ 'መሪዋን! መሪዋን!' ይላል። አብሮኝ የተሸከመው ሶርሳ ደግሞ 'የሴት ስም ይሆን?' ብሎ ጠየቀኝ።"

ቦሼ በሳቅ ፈነዳች። ዓመለወርቅም ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ እንባዋ መጣ። ስለ ብረት ምንም አላለችም። ዳልጮም ምንም አላለም። ባለቤቱ ሙቹዋ የሚሉትን የቆጮ ምግብ አቀረበችላቸው፤ ቅቤው ከቆጮው በላይ ነበር። ሲለያዩ ዓመለወርቅ፣ "ለጊፋታ ሶዶ ኑ። የተሸከማችሁት ሰው ቤት ኑ" ብላ ለመነች።

ሶርሳ አግብቶ ጉኑኖ ገብቷል ሲሏት ጉኑኖ ሄደች። ሌላው ተሸካሚ ቤሌ ይነግዳል ሲሏት ቤሌ ሄደች፤ እዚያ ለመድረስ አድራ ነው የገባችው። እግሯ አበጠ። በየሄደችበት ጨው ትሰጣለች፣ ታመሰግናለች፣ ትመለሳለች። ቤት ስትደርስ ብሩ እንደተኛ ነው። "የት ነበርሽ?" እንኳ አይላትም። አንዳንድ ቀን እሳቱን እያራገበች፣ ይህን ሁሉ መንገድ ለምን እንደምትሄድ ራሷን ትጠይቃለች። ብረቱ ባይመጣስ? ባይመጣም ማመስገኗን አትጠላውም። ከደረቷ አንድ ነገር ቀሎላታል።

ጊፋታ ሳምንት ሲቀረው የመጀመሪያው ሰው መጣ። ከቤሌ የመጣች ሴት ናት፤ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ከጉያዋ አወጣች። የውሃው ክዳን ነበር። "ቅመም የምሰፍርበት ነው፣ ከገበያ ነው የገዛሁት፣ ያንቺ ነው ሲሉ ሰማሁ" አለች። ክዳኑ ኮረሪማ ይሸታል። በማግስቱ ሶርሳ ከጉኑኖ ጥሩምባውን አንግቶ ደረሰ።

"ጦጣ የማባርርበት ነበር" አለ። "አሁን ጦጣዎቹ ደስ ይበላቸው። በቆሎውን ጨርሰው ሲበሉት ሂሳቡን ለብሩ እልክለታለሁ፣ ይክፈለኝ።"

ካንዴላዎቹ ከየአቅጣጫው መጡ። አንዱ ጥጃ አንገት ላይ ታስሮ የኖረ ነው። ሌላው ከቡና መውቀጫ ዘነዘና ጫፍ ተነቅሎ የመጣ ነው። ችግሩ ግን ወሬው ከመኪናዋ ቀድሞ መሄዱ ነበር። የብሩ ሚስት የጠፋባትን ብረት እየለቀመች ነው፣ ለጊፋታ ብረት ይዞ መሻገር አይገባም ተባለ። በዚህ የተነሳ ከመኪናዋ ጋር ዝምድና የሌለው ብረት ሁሉ ደጇ ተከመረ። የአልጋ እግር መጣ። የጠመንጃ አፈሙዝ መጣ። የብስክሌት ደወል መጣ። ከየት እንደሆነ ያልታወቀ የምጣድ ጆሮ መጣ።

ዓመለወርቅ አንድ ክብ ብረት አንስታ ወደ ቤት ገባች።

"ብሩ! መሪው ተገኘ!"

መደቡ ላይ ያለው ቁርበት ተንኮሻኮሸ። ብሩ ፊቱን አዞረ። ያመጣችውን አየና ዓይኑ ፈጠጠ።

"ይሄ የስፌት መኪና ጎማ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!"

"መሪ ክብ ነው አላልክም?"

"ገበታም ክብ ነው!"

ቆየት ብላ የአልጋውን እግር ይዛ ገባች። "ይቺስ ባሌስትራው ትሆን?" ከዚያ ደወሉን። "ይሄ ካንዴላ ነው ይላሉ።" ከዚያ አፈሙዙን። ብሩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ በመጨረሻ "ምርኩዜን አምጪ! ሁሉንም ገደል ልትከቺው ነው!" ብሎ ተነሳ። ቦሼ ይህን ከጓሮ ሆና ሰምታለች። ዓመለወርቅ የመሪንና የስፌት መኪናን ጎማ በእርግጥ ሳትለይ ቀርታ ነው ወይስ አውቃ ነው የሚለውን፣ ቦሼ እስክታረጅ ስትጠይቃት ኖረች። ዓመለወርቅ አልመለሰችላትም።

ብሩ ደጃፉ ላይ ሲቆም ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ግንባሩ ላይ እጁን ጋርዶ ክምሩን አየ። ከዚያ ተቀመጠና እየለየ መጣል ጀመረ። "የኔ አይደለም። የኔ አይደለም። ይሄ የማን ነው፣ ሙቀጫ ነው እንዴ? የኔ አይደለም... ይሄ የኔ ነው።" ያን ካንዴላ በሸማው ጠረገው። ቀኑን ሙሉ ከደጅ አልገባም። ምሳውን የበላው ያው ብረቱ መሃል ሆኖ ነው፤ ገበታውን አልገፋውም። ዓመለወርቅ ይህንን አይታ ጓዳ ገብታ ብቻዋን፣ "ተመስገን፣ ተመስገን" አለች።

ቶማ ቀጥቃጩ ዘግይቶ መጣ። ትከሻው ላይ ረጅም ጎባጣ ብረት ተሸክሟል። ከባሌስትራው ሠርቶ የሸጣቸውን መቆፈሪያዎች ከየገዛው ሰው በአዲስ ለውጦ ሰብስቦ፣ እንደገና አግሎ፣ እንደገና ቀጥቅጦ ደጋን አድርጎ አጋጥሞታል።

"ቶማ፣ ብረቱ ስሙን ተናገረ?" አለችው ዓመለወርቅ።

"ተናገረ እመቤቴ" አለ ቶማ እያፈረ። "መዶሻ ሲበዛበት ተናገረ።"

መሪው ግን አልመጣም። ብሩ ሌላውን ሁሉ ሲለይ ዓይኑ ወደ መንገዱ ይሄዳል። "መሪ ከሌላት ዶሮዋ ትጣልባት" ሲል ዓመለወርቅ ያን የድሮውን ምሬት እንደገና ሰማች። ልትጠይቅ አትችልም። ለቦሼ ቃል ሰጥታለች።

በጊፋታ ዕለት ጠዋት አገሩ ጨዋታ ላይ ነው። "ዮዮ ጊፋታ!" የሚለው ከየመንደሩ ይሰማል። ዳልጮና የተሸካሚ ጓደኞቹ ነጭ ለብሰው፣ ፀጉራቸው በቅቤ ርሶ ደረሱ። ዳልጮ በጀርባው የያዘውን ፊት ለፊት አመጣው። መሪው ነበር። እንጨቱ በቅቤ ታሽቶ ያበራል።

"ይሄን አልሰረቅነውም" አለ ለብሩ። "ተነቅሎ ወድቆ ነበር። አንተ መሪዋን መሪዋን እያልክ ትጮሃለህ፤ እኔም ላንተ ብዬ አነሳሁት። ሰው ይመጣል ብዬ ከቤቴ ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። ዝናብ እንዳይነካው ቦታውን ስንት ጊዜ ቀየርኩ። በመጨረሻ የመጣው ዘበኛ ሆነ፤ ያን ቀን ተናደድኩ፣ አልሰጥም አልኩ። ከዚያ ሚስትህ መጣች። ያኔም ልሰጣት አሰብኩ፤ ልታመሰግን የመጣችውን ብረት አሸክሜ ከምመልሳት ራሴ ላምጣው አልኩ።"

ብሩ መሪውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ምርኩዙን ስለለቀቀው ወደቀ፤ ዳልጮ አነሳለት።

መኪናዋ እዚያው ተገጣጠመች። ብሩ የተሰበረ እግሩ እንደ ልብ ስለማይታጠፍለት ሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ ያዛል፤ ቶማ ይፈታል፣ ያስራል። አንድ ነጋዴ ለጊፋታ ብሎ ነዳጅ በጣሳ ሰጥቷል። ካንዴላዎቹን ከሰፌድ ላይ እያነሳች ለቶማ የምታቀብለው ቦሼ ነበረች። ሁሉም ሲያልቅ ሶርሳ የፊቱን ማዞሪያ ብረት ይዞ ሞተሩን ጠመዘዘ። ምንም የለም። ዳልጮ ጠመዘዘ። ምንም። ላባቸው ከቅቤው ጋር እየተቀላቀለ ወረደ። ሕዝቡ "ቀድማለች የተባለችው ይህች ናት?" ማለት ጀመረ። ዓመለወርቅ የብሩን ፊት ብቻ ነበር የምታየው። ፊቱ ቀስ በቀስ እየተዘጋ ነው። መሪውን የያዘው እጁ ላላ።

"ካንዴላውን ፍታልኝ" አለ በደከመ ድምፅ።

ቶማ ፈትቶ አቀበለው። ብሩ አየው። ወደ ብርሃን አነሳው። አሸተተው። በጣቱ ጫፍ ከውስጡ ቢጫ ነገር ዝቆ አወጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቅቤ ነዋ" አለች ቦሼ ደረቷን ነፍታ። "ለጊፋታ ነው። ይህን ያህል መንገድ መጥተው ራሳቸው ደርቆ ነበር። ራስ ራሳቸውን ቀባኋቸው። ከውስጥም ከውጭም።"

"ራሳቸውን?"

"ታዲያ እንግዳ ራሱ ደርቆ ይቀመጣል?"

ብሩ ቦሼን አየ፤ ካንዴላውን አየ። ደረቱ ተንቀጠቀጠ። ዓመለወርቅ መጀመሪያ ያለቀሰ መስሏት ወደ እሱ ተራመደች። እየሳቀ ነበር። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ጀርባው እየተነሳ እየወደቀ፣ ድምፅ አልባ ሆኖ ከቆየ በኋላ ድምፁ ወጣ። ያ ሳቅ፣ ከቁልቁለቱ በፊት የነበረው ሳቅ ነው። ዳልጮ ተከተለ፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ። ቦሼ ብቻ "ምን አጠፋሁ?" እያለች ትዞራለች። ዓመለወርቅ እዚያው ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። ለእሷ መኪናዋ ተነሳች አልተነሳች፣ ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል።

መኪናዋ ግን ተነሳች። ካንዴላዎቹን ከምድጃው ዳር አስቀምጠው ቅቤውን አቃጠሉት፤ ጠርገው መልሰው ገጠሙ። ሶርሳ ሲጠመዝዝ አንዴ አስነጠሰች፣ ሁለተኛ አስነጠሰች፣ ከዚያ ነጎደች። ከኋላዋ የወጣው ጭስ ሰፈሩን የንጥር ቅቤ ሽታ አለበሰው። ዶሮዋ ከወንበሩ ሥር በርራ ወጥታ አጥር ላይ ወጣች።

ብሩ ጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር በእጁ መታ አደረገ።

"ነይ ግቢ፣ ዓመሌ።"

ዓመለወርቅ ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ነገም አለሁ። አያ ዳልጮን ውሰደው። እሱ አንተን በትከሻው ነው ያወጣህ።"

ዳልጮ እምቢ አለ፣ ፈራ፣ ተገፍቶ ገባ። ነጠላውን ወገቡ ላይ አጠበቀና በሁለት እጁ በሩን ጨበጠ። "ብሩ፣ እንደዚያን ቀን ከሆነ እኔን የሚሸከመኝ የለም፤ አንተ እግር የለህም" አለ። ብሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሶርሳ ከኋላ "ጦጣዎቹ ሄዱ!" ብሎ ጮኸ። ቀይዋ ከግቢው ወጥታ፣ ልጆች እየተከተሏት፣ ወደ ተበላ ቁልቁለት አዘገመች።

እስከ ዳልጮ ደጃፍ ደረሰች። በመመለሻው ግን ዳገቱ መሃል ላይ ነዳጅ አለቀባትና ቆመች። አመሻሹ ላይ ዓመለወርቅ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ፣ ሁለት በሬዎች ከመንገዱ ብቅ አሉ። ከኋላቸው መኪናዋ በገመድ ትጎተታለች። ብሩ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በሬ ከሚነዱት የተበላ ሰዎች ጋር በሩቁ እየተነጋገረ ይስቃል። ፀጉሩ በቅቤ ርሷል፤ የዳልጮ ሚስት ቀብታዋለች።

"እህል አለ?" አለ ገና ከሩቅ። "ርቦኛል። ለእነሱም ጭምር አቅርቢ።"

ዓመለወርቅ እህሉን አቀረበች። ብሩ ገበታውን ወደ እሷ አልገፋውም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሐዘን፣ ሌላ ክረምት ገጥሟቸዋል፤ ጦርነቱም መጥቶ መኪናዋን ወስዷታል። ሆኖም በየዓመቱ የጊፋታ ሳምንት ሲገባ ዓመለወርቅ ጨውና ቡና በአገልግል ታደርግና ቁልቁሉን ትወርዳለች። ከዳልጮ ቤት ምሰሶ ላይ መሪው የተሰቀለበት የእንጨት ችንካር እስከ መጨረሻው አልተነቀለም። እሷ ስትገባ ነጠላዋን የምትሰቅለው እዚያ ላይ ነው።